ጋሽ ተሾመ ያልደከማቸው ዓመት

ባለፈው ሰሞን የጁስ መፍጫዬ ተቃጠለ። ማንጎውን ከነፍሬው ከትቼው ኖሮ ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ፤ ከሥሩ ቀጭን ጭስ ወጣ። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ሊከፍቱ ሮጡ። እኔ ደግሞ፣ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር፣ አፍንጫዬን ወደ መፍጫው አስጠግቼ ቆምኩ። የመዳብ ሽቦ የተቀባው ቀለም ሲቃጠል የሚወጣው ጎምዛዛ ሽታ ይዞኝ ቦንጋ ገባ፤ ዘጠነኛ ክፍል ወደገባሁበት ዓመት፣ ጋሽ ተሾመ ጥለውን ሊሄዱ ወደተነሡበት ዓመት።

ጋሽ ተሾመ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ የግቢያችን ተከራይም ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው የመጡት ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። እማዬ እንደምትለው እኔ ያን ጊዜ ገና እድህ ነበር፤ ስለዚህ እሳቸው የሌሉበት ግቢ ምን እንደሚመስል አላውቅም። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነበር የሚያድረው። የወተት ጥርሴን በክር አስረው የነቀሉልኝ ጋሽ ተሾመ ናቸው። ማባዛት ያስጠኑኝም እሳቸው ናቸው። በመጡበት ዓመት ቆጮ ሲቀርብላቸው «ጠግቤያለሁ» ይሉ ነበር አሉ፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ቆጮው በደንብ አልበሰለም ብለው ከእማዬ ጋር የሚከራከሩ ሰው ነበሩ። የቦንጋን ዝናብ ብቻ እስከ መጨረሻው አልለመዱትም። «በእኛ አገር ክረምት ሲያበቃ ያበቃል» ይላሉ፣ ያልደረቀ ሸሚዛቸውን ከሰል ላይ ዘርግተው እያገላበጡ። ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይሸቱ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሌላው ነገር ድካማቸው ነው። ወደ ማታ ግድም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቅንድባቸው ድረስ ጠመኔ ለብሰው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ይመጣሉ። ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና አንድ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሁለተኛውን ሳያወልቁ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። እማዬ ከማጀት ብቅ ትልና «ዝም በሉ፤ ጋሽ ተሾመ ደክሟቸዋል» ትለናለች። እኔና እህቴ አስኒ በእግራችን ጣት እየሄድን በአጠገባቸው እናልፋለን። ሰው ተቀምጦ በአንድ ጫማ ሲያንኮራፋ ያየ ልጅ ሳቁን መያዝ ምን ያህል እንደሚከብደው ያውቃል።

አስኒ እሳቸው ጋ የተማረችበት ዓመት እኔ በቅናት ልሞት ነበር። በየቀኑ የምታወራው አላት። ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ትልቅ ዋንዛ ላይ ገመድ አንጠልጥለው ዥዋዥዌ አስጫወቷቸው፤ ተማሪውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስቀመጡ ፊዚክስ አስተማሩበት። «አንቺም ዘጠነኛ ስትገቢ ታያለሽ» ትለኛለች አስኒ፣ ሽማግሌ ይመስል። እኔም ዘጠነኛ ክፍልን እንደ በዓል ስጠብቀው ኖርኩ። አስኒ ነርስነት ልትማር ጅማ ሄደች፤ ተራው የእኔ ሆነ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ እማዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እማዬ ብርቅነሽ ሰው ፊት ለፊት ተቆጥታ አታውቅም። ተከራይ ውኃ ካባከነ፣ ጎረቤት ከብቱን የእኛ እንሰት ውስጥ ከለቀቀ፣ እማዬ ወደ ሰውየው አትሄድም፤ ዶሮዋን ትቆጣለች። ገብስማ ዶሮ ነበረችን፣ የመንደሩን ጥፋት ሁሉ የተሸከመች። «አንቺ ዶሮ፣ ውኃ የሚቀዳው ከወንዝ መሆኑን አታውቂም?» ትላታለች፣ ጎረቤት በሚሰማበት ድምፅ። የሚገባው ሰው ይገባዋል፤ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጣላም። እኛ ልጆቿ ደግሞ አንድ ምልክት እናውቅ ነበር። ዶሮዋን ከልቧ የተቆጣች እንደሆነ በአፍ መፍቻዋ በካፊኖኖ ነው የምትቆጣት፤ በአማርኛ ከተቆጣቻት ነገሩ ለዶሮዋ አይደለም።

እንግዲህ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። የገባሁት ግን ፕላዝማ በመጣበት ዓመት ነው።

ሰሌዳው አጠገብ ትልቅ የብረት ሳጥን ቆመ፤ ሳጥኑ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን። ደወል ሲደወል አንዲት ሴት ብቅ ትልና ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ታስተምራለች። ቆንጆ ሴት ነበረች፤ ሸሚዟ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ምን እንደምትል ግን ከክፍላችን የሚገባው አልነበረም። ለእኔ እንግሊዝኛዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር፤ ይሰማል፣ አይያዝም። ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ትጠብቃለች፤ እኛ እርስ በርሳችን እንተያያለን፤ ከዚያ «ቬሪ ጉድ» ብላ ታመሰግነናለች። እንደ እሷ ያመሰገነኝ አስተማሪ የለም፤ እንደዚያ ዓመትም የደነቆርኩበት ዓመት የለም።

እኔ ደግሞ የምታየን ይመስለኝ ነበር። ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ኳስ በሻይ ቤት አይቻለሁ። ግን ኳስ ተጫዋች «ክላስ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን «ሉክ ኬርፉሊ» ስትል ዓይኗን እኔ ላይ የተከለች መሰለኝና አፌ ውስጥ የነበረውን ሸንኮራ አገዳ ሳላኝክ ዋጥኩት።

ጋሽ ተሾመስ? ጋሽ ተሾመ በር ላይ ይቆማሉ። ሥራቸው ሳጥኑን በቁልፍ መክፈት፣ ማብራት፣ ማጥፋት፣ መቆለፍ ሆነ። ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ለእሳቸው የተተወች ጥቂት ደቂቃ ነበረች፤ እሷም የቦንጋ እርጥበት ካዛገው ቁልፍ ጋር በመታገል ታልቃለች።

እና ማታ ማታ ሳይደክሙ መምጣት ጀመሩ።

እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሸሚዛቸው እንደ ጠዋቱ ንጹሕ ሆኖ፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይመጣሉ። ሁለቱንም ጫማ አውልቀው፣ ሸበጥ አድርገው ወደ ግቢ ይወጣሉ። አጥሩን አጠበቁ። የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ለወጡ። ገበጣ አብረውኝ ይጫወታሉ፤ አሸንፋቸዋለሁ። ለካ እኚህ ሰው እንዲህ ይስቃሉ ብዬ ፕላዝማዋን በልቤ አመሰገንኳት። ሰው ሥራ ከቀለለለት ምን ይፈልጋል ብዬ ነበር የማስበው።

ዥዋዥዌውን የሠሩልኝ በዚያ ሰሞን ነው። «አስኒ አይታ እኔ ልቀር ነው?» ብዬ ስነዘንዛቸው ከርሜ፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ወፍራም ሐረግ ገዝተው መጡና ግቢያችን ካለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ አንጠለጠሉት። መቀመጫው የአሮጌ አልጋ እንጨት ነበር። እኔ ተወዛወዝኩ። ቀጥሎ ወደ እማዬ ዞሩ።

«እትዬ ብርቄ፣ እርስዎም ይቀመጡ እስቲ።»

«እኔ? ምን ነካዎት ጋሽ ተሾመ?»

«ለትምህርት ነው።»

እማዬ መጀመሪያ የግቢው በር መዘጋቱን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ፈጣሪዋን ጠርታ ተቀመጠች። እማዬ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ አቮካዶው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ተሾመ በተመለሰች ቁጥር እንዳጨበጭብ ነገሩኝ፤ ለራሴም እንዲሁ ሲያጨበጭቡልኝ ነበር። «ማን ቶሎ የሚመለስ ይመስልሻል?» አሉኝ። እማዬ ከባድ ስለሆነች እንደ ድንጋይ ተወርውራ ትመለሳለች ብዬ ተወራረድኩ። ተሸነፍኩ። ጭብጨባው ያው ነው። ጠንከር አድርገው ገፏት፤ ርቃ ሄደች፣ ቸኩላ ተመለሰች፣ ጭብጨባው አሁንም ያው።

«ዥዋዥዌ ለሰው አያዳላም» አሉ። «ቀጭን፣ ወፍራም፣ ሀብታም፣ ድሃ አይልም። ከልክ በላይ ካልተወነጨፈ በቀር ርቆ የሄደውም ቅርብ የሄደውም በአንድ ጊዜ ይመለሳል። እሱ የሚያየው የገመዱን ርዝመት ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኩል ከሆንን እኔን ለምን አስወጣችሁኝ?» አለች እማዬ። ውረጂ ያላት ግን አልነበረም፤ እሷም አልወረደችም። አቮካዶው ሥር ከፊት ወደ ኋላ እየሄደች እንደ ልጃገረድ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ተሾመ ገመዱን ሲያሳጥሩት ደግሞ ምልልሱ ፈጠነ፤ እኔ ለማጨብጨብ ተቻኮልኩ።

ቀጥሎ የመጣው የሽቦው ነገር ነው። አባዬ ጭነት ሊያደርስ ከሄደበት ከደካ ሲመለስ ክንድ የሚያህል ቀርከሃ አመጣልን። ጋሽ ተሾመ ደግሞ ከአንድ ሱቅ የተቃጠለ ስታቢላይዘር ለምነው ይዘው መጡ። ላዩ ከስሎ ነበር፤ ውስጡ ግን ደህና መዳብ ነበረው። እሳቸው ከዚያ ይፈቱታል፣ እኔ ቀርከሃው ላይ እጠመጥመዋለሁ። ያ ሽታ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ለብዙ ቀን ምግቤ ሁሉ እሱን እሱን ይለኝ ነበር። ማግኔቱን ያገኘነው ከእማዬ የሞተ ቴፕ ስፒከር ነው። ከትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ደግሞ መርፌ ያለው መለኪያ ተዋሱ፤ የሽቦውን ሁለት ጫፎች እሱ ላይ አሰሩ።

ማግኔቱን በክር አንጠልጥዬ ቀርከሃው አፍ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌው አልተነቃነቀም።

ትንሽ ጠበቅኩ። «ገና አልሞቀም?» አልኩ። እኔ ነገሩ እንደ ድስት መስሎኝ ነበር፤ ጥደው ሲቆዩ የሚበስል።

«ቢከርምም ምንም አይወጣው» አሉ ጋሽ ተሾመ። «መንቀሳቀስ አለበት። ሲሄድና ሲመጣ ብቻ ነው ሽቦው የሚሰማው።»

ክሩን በረንዳው አግዳሚ ላይ አሰሩና ማግኔቱን እንደ ዥዋዥዌ ለቀቁት። በቀርከሃው ላይ ባለፈ ቁጥር መርፌው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አለ። እልል ማለት አማረኝ። ባትሪ የለ፣ ሶኬት የለ፣ የእማዬ የሞተ ቴፕ ኤሌክትሪክ ወለደ!

«የቦንጋም መብራት፣ የአዲስ አበባም መብራት እንዲሁ ነው የሚሠራው» አሉኝ። «የሚዞረው ትልቅ ነው እንጂ ነገሩ ይሄው ነው።»

ከዚያ መለኪያውን ፈቱት። «አሁን ዝም ብለሽ እዪ።» የሽቦውን ጫፎች ለያይተው ማግኔቱን ለቀቁት፤ ሲወዛወዝ ቆየ፣ እኔም መሰልቸት ጀመርኩ። ቀጥለው ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ አጠላልፈው እንደገና ለቀቁት። ማንም ሳይነካው ቶሎ ዘገየና ቆመ። ደግመን ሞከርነው፤ ያው ነው።

«ምን ያዘው?» አልኩ።

«ሥራ ያዘው። ጫፎቹ ሲለያዩ የሚቀበለው የለም፤ ዝም ብሎ ሲመላለስ ይውላል። ሲገናኙ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይሄዳል፤ የሄደው ኤሌክትሪክ ደግሞ ማግኔቱን መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ይደክማል። በነጻ የሚገኝ መብራት የለም፣ ሰብሊ።»

ይህን ካሉ በኋላ ጫፎቹን እንደገና ለያዩና ማግኔቱን ለቀቁት። ሲሄድ ሲመጣ፣ ሲሄድ ሲመጣ፣ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው አዩት። እኔ የሚቆጥሩ መስሎኝ አብሬ ቆጠርኩ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ዝናባም ከሰዓት ነው ወሬውን የሰማሁት። እኔ ማጀት ውስጥ ነበርኩ፤ እነሱ በረንዳ ላይ።

«እትዬ ብርቄ፣ ዝውውር ጠይቄያለሁ» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ከተሳካ ሰኔ ላይ ወደ አገሬ እገባለሁ።»

እማዬ ጠየቀች፤ «አገርዎ ናፈቀዎት?»

«እሱስ የድሮ ነው።»

«ቤቱ ያፈሳል?»

«ቤቱ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው?»

«አይደክመኝም» አሉ።

«ሰው አልደከመኝም ብሎ ቤት ይለቃል?»

«ጠዋት ሄጄ ሳጥን እከፍታለሁ፤ ሳጥን እዘጋለሁ፤ እመጣለሁ። ልጆቹ እንዳልገባቸው አውቃለሁ፤ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ። ስንተያይ እንተፋፈራለን። እንደዚያ ደክሞኝ ስመጣ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፣ እትዬ ብርቄ። አሁን ስመጣ ጉልበቴ እንዳለ ነው። ምን ላድርገው? አጥር አጠበቅኩበት። ከእንግዲህ የሚጠብቅ አጥር የለም።»

እኔ ማጀት ውስጥ ክው ብዬ ቀረሁ። የገበጣው ሳቅ፣ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ፣ ዥዋዥዌው ሁሉ ሌላ መልክ ይዞ መጣብኝ። ደስታ ነው ብዬ የያዝኩት ሐዘን ነበር። ጫፎቹ ተለያይተው ሲወዛወዝ ያየሁት ማግኔት ትዝ አለኝና አለቀስኩ። እሳቸው የሌሉበትን ግቢ አላውቀውም፤ ማወቅም አልፈለግኩም።

በዚያ ማታ እማዬ ገብስማዋን ዶሮ ተቆጣቻት። በአማርኛ። «ሂጂ አንቺ። ጫጩት ሆነሽ የገባሽበትን ግቢ ጥለሽ ሂጂ። ጥሬው የጣፈጠሽ እዚህ አይደል? እዚያ ማን ያውቅሻል?» የጋሽ ተሾመ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማኝ። በማግሥቱ አልጋቸው ሥር በሲባጎ የታሰረ ካርቶን አየሁ።

ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸው። እነሱም አዘኑ። ተስፋችን መብራት መጥፋት ብቻ ሆነ። ቦንጋ ደግሞ ለዚህ አታሳፍርም፤ ነፋስ ሲነሣ የሆነ ቦታ ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቅና መብራት ይሄዳል። ሰማዩ ሲጠቁር እኛ ፊታችን ይበራል። ግን መብራት ሲጠፋ በጸጥታ ጠብቁ የሚል ትእዛዝ ነበር፤ ስርጭቱ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅምና ማንም እንዳያልፈው። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከበላይ የሚመጣ ጥያቄ ይፈሩ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ተሾመ አላስችል አላቸውና መብራቱ ሲሄድ ጠመኔ ከኪሳቸው አወጡ። ስለ ዥዋዥዌ ጠየቁ፤ ከሺሺንዳ መጥቶ የሚማር አንድ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምተን የማናውቀው፣ እጁን አወጣ። አፉን ሲከፍት መብራቱ መጣ። «ቬሪ ጉድ» አለች ሴትዮዋ ከሳጥኑ። ልጁ እጁን አወረደ። ጋሽ ተሾመም ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የወላጆች ቀን የደረሰው እንዲህ ሆነን ሳለ ነው። ወላጆች ክፍል ድረስ ገብተው ፕላዝማውን እንዲያዩ ተጋበዙ። ከበላይ የመጡ አንድ እንግዳም ፊት ተቀምጠዋል፤ ርዕሰ መምህሩ ከጎናቸው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምንም ሳታቅማማ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ጋሽ ተሾመ ከፈቱ፣ አበሩ፣ ወደ በራቸው ሄዱ።

ሴትዮዋ ብቅ አለች። እንደ ዕድል የዕለቱ ትምህርት ማግኔትና ሽቦ ነበር። «ጉድ ሞርኒንግ» ስትል እማዬ ብድግ አለች። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ እትዬ?»

መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር። ከኋላዬ ሳቅ ተነሣ። ርዕሰ መምህሩ «እናት፣ ይቀመጡ፣ አትሰማዎትም» አሏት በቀስታ። እማዬ ግን አልጨረሰችም።

«እኔ የሰብለ እናት ነኝ። የትናንቱ ለልጄ አልገባትም። ለሌሎቹም አልገባቸውም ይላሉ። እባክዎን አንዴ ይድገሙላቸው።»

ሴትዮዋ ማግኔቱን ይዛ ቀጠለች።

«ቸኩለዋል መሰለኝ» አለች እማዬ። «እንግዳ ነዎትና አልቆጣዎትም። ግን ልጅ ሲጠይቅ ዝም ይባላል? እኔ ቤት አንድ ተከራይ አለ፤ እህል አፉ ውስጥ ሆኖ እንኳ ልጅ ከጠየቀው ሳይመልስ አይውጥም። እስቲ አንዴ ብቻ ይድገሙላቸው።»

ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ ፈገግ አለች። «ቬሪ ጉድ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወላጆቹም ሳቁ፤ እንግዳው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እማዬ አልሳቀችም። «እንግዲህ እሷ ካልሰማች» አለች፣ ወደ በሩ እየዞረች፣ «የሚሰማ ሰው እዚያ ቁልፍ ይዞ ቆሟል።» ከዚያ ተቀመጠች።

እንግዳው ዞረው አዩ። «እሳቸው ማን ናቸው?»

«የፊዚክስ መምህራችን ናቸው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ታዲያ በር ላይ ምን ያደርጋሉ?»

ርዕሰ መምህሩ በዓይናቸው ሳጥኑን አሳዩ። እንግዳው ስርጭቱ እስኪያልቅ አዩ፤ ሲወጡ «ይሄ ክፍል ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራበታል?» ብለው ጠየቁ። ባዶ ነው ተባሉ። «እንግዲያው ማጠናከሪያ ይስጡበታ» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። ርዕሰ መምህሩ ፊታቸው በራ፤ እሳቸውም የሚጠብቁት እንዲህ የሚላቸው ሰው ኖሯል።

ወደ ቤት ስንሄድ ግን እኔ በንዴት ጦፌ ነበር። «እማዬ፣ አሳፈርሽኝ። ቴሌቪዥን እኮ ነው። አይሰማም።»

እማዬ ጭቃውን እየዘለለች ሄደች። «ዶሮዋስ አማርኛ ትሰማለች እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ሌላ ሆነ። ዋንዛው ላይ ሐረጉ ወጣ። የሺሺንዳው ልጅና የክፍላችን ወፍራም ልጅ ተራ በተራ ተወዛወዙ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። የእኔ ቀርከሃ በክብር ክፍል ገባ፤ የእማዬ ቴፕ ማግኔት በየወንበሩ ዞረ። ጠዋት ሴትዮዋ ያለችው ከሰዓት በአማርኛ፣ ሲያስፈልግም ጋሽ ተሾመ በለመዷት ጥቂት ካፊኖኖ ይደገማል። እሷንም ያን ጊዜ መውደድ ጀመርኩ፤ ማግኔቷን ስትይዝ ምን ልትል እንደሆነ አውቅ ነበርና። ካርቶኑ ግን አልጋው ሥር እንደታሰረ ነው። እኔ በየቀኑ ጎንበስ ብዬ ሲባጎውን አያለሁ።

ሰኔ ሲገባ ዝውውሩ መፈቀዱን ጎረቤት ነገረን። የዚያን ዕለት የእማዬ ወጥ ጨው በዛበት፤ እኔም አልበላሁም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን በሩን ስናይ አመሸን። ፀሐይ ልትገባ ስትል ጋሽ ተሾመ መጡ። ቅንድባቸው ነጭ ነው። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ደጃፋቸው ላይ ዘፍ አሉና አንድ ጫማቸውን አወለቁ።

እማዬ ቀረብ አለች። «ጉዞው መቼ ነው፣ ጋሽ ተሾመ?»

ቀና ብለው አዩዋት። ድምፃቸው ተዘግቶ እንደ ሹክሹክታ ነበር የወጣው።

«የቱ ጉዞ?» አሉ። ሌላ የሚሉት ያለ ይመስል አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳይሉት ግንባራቸውን መቃኑ ላይ አስደገፉና እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ በአንድ ጫማ።

እማዬ ቆማ አየቻቸው። ገብስማዋ ዶሮ በዚያን ሰዓት ቆጥ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ፣ ጭጭ ብላለች። እማዬ ወደ እሷ ዞረች። ዓይኗ እንባ አዝሏል።

«ዝም በይ አንቺ» አለቻት፣ በአማርኛ። «ጋሽ ተሾመ ደክሟቸዋል።»